የጅቡቲ–አዲስ አበባ የምድር ባቡር ኩባንያ የማን ነበር? ጥያቄና መልስ

ስለ ኩባንያው ባለቤትነት ከአባላት የቀረቡትን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ዐፄ ምኒልክ ሐዲዱን የመዘርጋት ፈቃድ የሰጡት ለማን ነው? ኩባንያውስ የኢትዮጵያ ነበር ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ፈቃዱ በ1894 የተሰጠው ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ነጋዴ ሊዮን ሼፍኖ ሸሪካቸው ነበሩ። ዘመኑ 99 ዓመት ሆኖ፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ እንዲዘልቅ ታስቦ ነበር። ሆኖም በ1896 የተቋቋመው ኩባንያ «ንጉሠ ነገሥታዊ የኢትዮጵያ ምድር ባቡር» የሚል ማዕረግ ይያዝ እንጂ መቀመጫው ፓሪስ ነበር፤ ስለዚህ መሬቱና ፈቃዱ የንጉሡ፣ አክሲዮኑ ግን የባዕዳን ነበር።

ጥያቄ፦ ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት የቆመው ገንዘብ ስላለቀ ብቻ ነው?

መልስ፦ ገንዘቡማ አልቆ ነበር፤ ዋናው ጣጣ ግን ገንዘቡን ለመተካት የተሄደበት መንገድ ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ የሐረር ተራራ ወጪው ስለማይቻል ከተማዋ ወደ ጎን ተተወችና ባቡሩ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ገባ፤ ከተማዪቱም ከሐዲዱ ጋር ተወለደች። በዚህ መሃል የእንግሊዝ ባለሀብቶች አክሲዮን ውስጥ መግባት በመጀመራቸው፣ መስመሩ እንዳያመልጠው የሰጋው የፈረንሳይ መንግሥት በዚያው ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ለመደጎም ተዋዋለና በምላሹ ቁጥጥር አገኘ። ምኒልክ የተዋዋሉት ከግል ኩባንያ ጋር ነበር፤ አሁን ግን ከፊታቸው የቆመው የውጭ መንግሥት ሆነ። ነገሩን ሉዓላዊነትን እንደ መድፈር ቆጥረው ለቀጣዩ ክፍል ፈቃድ ከለከሉ፤ በእኔ አስተያየት የድሬዳዋው መቋረጥ ከካዝናው ባዶነት ይልቅ በዚህ ይገለጻል። በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ስለ ኢትዮጵያ በሦስትዮሽ ሲስማሙ የአዲስ አበባው መስመር ለፈረንሳይ ወገን ተተወ። ኩባንያው ግን ብዙም ሳይቆይ ከሰረ። በጥር 1908 አዲስ ፈቃድ ለንጉሡ ሐኪም፣ በካሪቢያን ባሕር ላለችው የፈረንሳይ ደሴት ለጉዋደሎፕ ተወላጅ ለዶክተር ቪታሊየን ተሰጠ፤ በዚህም መሠረት በፈረንሳዩ ኢንዶቺን ባንክ የተደገፈው «የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ምድር ባቡር» ተቋቋመ። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917፣ ምኒልክ ካረፉ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ አያቴ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር ይሉ ነበር። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነታቸውን ነው። ባቡሩ ይጓዝ የነበረው በቀን ብቻ በመሆኑ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድር ነበር። መስመሩ ከባሕር ጠርዝ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ እንደሚወጣም አይዘንጉ።

ጥያቄ፦ ኢጣሊያም ድርሻ ነበራት የሚባለውስ?

መልስ፦ ነበራት። በጥር 1935 የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላቫልና ሙሶሊኒ ባደረጉት ስምምነት 2,500 አክሲዮኖች ለኢጣሊያ ተላልፈዋል፤ ኢትዮጵያን የጠየቀ አልነበረም። በግንቦት 1936 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከአገር የወጡት በዚሁ ባቡር ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ እኩል ባለድርሻ የሆንነው መቼ ነው? የዛሬው ባቡርስ የዚያው ኩባንያ ነው?

መልስ፦ በ1959 ከፈረንሳይ ጋር በተፈረመው ውል የኢትዮጵያ ድርሻ ግማሽ ሆነ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ጅቡቲ በ1977 ነጻ ስትወጣ የፈረንሳይ ቦታ አዲሱ መንግሥት የሚወርሰው ሆነ፤ በ1981 ድርጅቱ የሁለቱ መንግሥታት የእኩል ንብረት ሆኖ እንደገና ተዋቀረ። በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ሌላ የአክሲዮን ማኅበር ነው፤ ድርሻውም ለኢትዮጵያ 75፣ ለጅቡቲ 25 በመቶ ነው። ሐዲዱም ቢሆን ለየቅል ነው፦ የቀድሞው ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር በመሆኑ የአሮጌው መስመር ፉርጎ በአዲሱ ላይ ሊሄድ አይችልም።