የወረደው ዝናብ የት ሄደ?

ጥያቄ፦ «ልጄ፣ እንደምን አለህ? መሬቴ ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሶደሬ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። አራት ጥማድ አርሳለሁ። ጥንድ በሬ አለኝ። አዋሽ ቅርባችን ቢሆንም እኔ የምጠብቀው ሰማዩን ነው። አምና በግንቦት መጨረሻ ደህና አድርጎ ዘነበና መልካሳ 2 የሚባለውን በቆሎ ዘራሁ። ከበቀለ በኋላ ዝናቡ ጠፋ፤ ቡቃያው አረረ። ሰኔ ሲያልቅ ያንኑ ዘር ደግሜ ዘራሁ። ሐምሌና ነሐሴ ጎርፍ እስኪወርድ ዘነበ። መስከረም ሲጠባ ግን ቀጥ አለ። በቆሎው ፍሬ ሳይሞላ ደረቀ። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ዝናቡ የራቀን ግራሩ ለከሰል ስላለቀ ነው ይላሉ። ጎረቤቴ ደግሞ ማሳዬ መሀል ያሉትን ሦስት የገርቢ ዛፎች ቁረጥ፣ ጥላቸው እህል ይጎዳል ይለኛል። ልጄ በሬዎቹን ሸጠን ባጃጅ እንግዛ እያለ ይነዘንዘኛል። ምን ትመክረኛለህ?»

መልስ፦ አባቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ጥያቄዎን ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። «ሐምሌና ነሐሴ ጎርፍ እስኪወርድ ዘነበ» ብለዋል። ያው ማሳ ታዲያ መስከረም ላይ ውሃ ጠማው። ይህ የሚነግረን ነገር አለ። ዝናቡ ወርዷል፤ ማሳዎ ውስጥ ግን አልቆየም። ሰማዩን እኔም እርስዎም አናዝዘውም። የወረደውን ማቆየት ግን በእጅዎ ነው። ምክሬ በሙሉ የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሽማግሌዎቹ ልበል። የሚሉት ግማሹ እውነት ነው። የክረምቱ ዝናብ የሚነሳው ከሩቅ ነው። እርጥበቱ ከሕንድና ከአትላንቲክ ውቅያኖስ፣ ከመካከለኛው አፍሪካ ደኖችም ይመጣል። ፓስፊክ የሚባለው ትልቅ ውቅያኖስ ከልኩ በላይ ሲሞቅ ደግሞ የእኛ ክረምት ይዳከማል። ኤልኒኞ የሚሉት እሱን ነው። የ2007ን ክረምት ያስታውሱታል፤ በዚያ ዓመት የደረሰውን ድርቅ ያመጣው እሱ ነበር። ስለዚህ የእናንተ ቀበሌ ግራር ቢቆረጥም ባይቆረጥም ኤልኒኞ ይመጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ አየሩ ራሱ እየሞቀ ነው። የአገራችን አማካይ ሙቀት በፈረንጆቹ ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት ይሸከማል። ለዚህ ነው ሲዘንብ በአንዴ የሚደፋው፣ ሲጠፋም አፈሩን ቶሎ የሚያደርቀው። ለዚህ ሙቀት የእርስዎ ድርሻ ከምንም የሚቆጠር አይደለም። አፍሪካ በሙሉ ወደ አየር የምትለቀው ጭስ ከዓለሙ 4 በመቶ አይሞላም። ዕዳው ግን እርስዎ ማሳ ላይ መጥቷል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

የሽማግሌዎቹ እውነት ያለው ሌላኛው ግማሽ ላይ ነው። ዛፍ ያለበት መሬት የወረደበትን ዝናብ ይቀበላል። የተራቆተ መሬት አይቀበልም። እናንተ አካባቢ ያለው አፈር ቀለል ያለ ነው። ኃይለኛ ዝናብ ሲመታው ላዩ ይጠቀጠቅና ስስ ቅርፊት ይሠራል። በማግስቱ ጠዋት ማሳዎ ውስጥ ገብተው ያንን ቅርፊት በጣትዎ ፈልቅቀው ይዩት። ላዩ እንደ ንጣፍ ድርቅ ብሎ፣ ከሥሩ ያለው አፈር ብዙ ጊዜ ዱቄት ነው። ውሃው ሳይገባ አልፏል ማለት ነው።

ስንት ውሃ እንደሚያልፍ እናስላው። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ግድም ነው። አንድ ጥሩ የሐምሌ ዝናብ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ ማሳዎ ላይ 300,000 ሊትር ወረደ ማለት ነው። ሲሶው በጎርፍ ቢሄድ 100,000 ሊትር ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን 5,000 ጀሪካን ይሆናል። በአንድ ከሰዓት በኋላ ያን ያህል አጡ። በቆሎ ፀጉር በሚያወጣበት ሰሞን በቀን ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ከዚያች አንዲት ዝናብ ያመለጠው 10 ሚሊ ሜትር ለሰብሉ ሁለት ቀን ግድም ዕድሜ ነበር። ነሐሴ ውስጥ እንዲህ ያለ ዝናብ ስንቴ እንደወረደ እርስዎ ያውቁታል። አፈሩ ሁሉንም አይይዝም፤ ቢሆንም የሚይዘው ያህል ሞልቶ መስከረምን ቢቀበል ኖሮ አምና ሌላ ነገር እናወራ ነበር።

መፍትሔው ያለው ከሚያውቁት ሥራ ላይ ነው። በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ሽልሻሎ ያደርጋሉ፤ በቆመው ሰብል መካከል በበሬ ያርሳሉ። ሽልሻሎው በበቆሎው መስመሮች መካከል ፈር ይከፍታል። ችግሩ ያ ፈር ብዙ ጊዜ ቁልቁል የሚሄድ የውሃ መንገድ መሆኑ ነው። ሁለት ነገር ይቀይሩ። አንደኛ፣ ከመዝራትዎ በፊት የመጨረሻውን እርሻ ተዳፋቱን አግድም ይረሱት፤ መስመሩም አግድም ይሁን። ሁለተኛ፣ ከሽልሻሎ በኋላ ፈሩን በየ5 ወይም 6 ሜትሩ በአፈር ይቋጥሩት። በአካፋ ወይም በመቆፈሪያ አፈር ሰብስቦ ፈሩን መዝጋት ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። አንድ ነገር ግን አይርሱ። ቋጠሮው ከግራና ከቀኙ ትልም፣ በቆሎው ከቆመበት ጉብታ ማለቴ ነው፣ አራት ጣት ያህል ዝቅ ይበል። ዝናቡ ሲበዛ ትርፉ ውሃ በቋጠሮው ላይ ተሻግሮ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ቋጠሮው እኩል ወይም ከፍ ያለ ከሆነ ውሃው ትልሙን ይበጥስና ቁልቁል ይወርዳል፤ ከታች ያሉትን ትልሞች ሁሉ ይዟቸው ይሄዳል። ተዳፋቱ በበረታበት በኩል ቋጠሮዎቹን ያቀራርቡ። ጥቁር መረሬ አፈር ያለበት ጥግ ካለዎት ደግሞ እዚያ አይቋጥሩ፤ ውሃ ተኝቶ ሥሩን ያበሰብሰዋል።

ሥራው ጉልበት ይበላል፤ አውቃለሁ። ጎረቤትዎ የሆነው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ከማረሻ ጋር ተገጥሞ በበሬ የሚጎተት መቋጠሪያ መሣሪያ ሠርቷል። በቀበሌው የልማት ሠራተኛ በኩል ይጠይቁ። ካልተገኘ በደቦ ይጀምሩት። አራቱንም ጥማድ በአንዴ አይድፈሩ። ጎርፍ ከሚበረታበት አንድ ጥማድ ይነሱና ከሌላው ጋር በዓይንዎ ያወዳድሩት። ዩሪያ የሚጨምሩም ከሆነ ያኔ ነው፤ ከሽልሻሎው ጋር፣ አፈሩ ርጥብ ሆኖ፣ ከተበተነ በኋላ አፈር ለብሶ። አፈር ሳይለብስ ላይ ላዩን የቀረ ዩሪያ ተንኖ ይሄዳል፤ በዚህ ዘመን ዋጋ ያ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ወደ ዘሩ ልምጣ። መልካሳ 2 ጥሩ በቆሎ ነው፤ ግን ለመድረስ 130 ቀን ግድም ይፈልጋል። ሰኔ ማለቂያ ላይ ሲዘሩት ፀጉር የሚያወጣው ጳጉሜን ላይ፣ መስከረም መግቢያ ላይ ነው። በቆሎ በዕድሜው ውስጥ ውሃ አጥብቆ የሚፈልግባት ሰሞን ይህችው ናት። እርስዎ ጋ ዝናቡ ቀጥ ያለውም ያኔ ነው። መልካሳ 4ን ዘርተው ቢሆን በ105 ቀን ግድም ይደርሳል፤ ፀጉሩን ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ ሳይወጣ ባወጣ ነበር። መልካሳ 1 ደግሞ 90 ቀን ግድም ይበቃዋል፤ ምርቱ አነስ ይላል እንጂ።

ስለዚህ ዘንድሮ የትኛውን ዘር እንደሚዘሩ ከወዲሁ አይወስኑ። ዝናቡ የገባበትን ቀን አይተው ይምረጡ። ሰኔ መጀመሪያ ላይ በደንብ ከገባ መልካሳ 2 ይሁን። ወደ ሰኔ ማብቂያ ከገፋ መልካሳ 4። ሐምሌ ከገባ በቆሎውን ይተዉትና ቶሎ የሚደርስ ጤፍ፣ ቦሰት ወይም ፀደይ የሚባለውን ዘር፣ ይዝሩ። ሁለቱም በ80 ቀን ግድም ይደርሳሉ። ቦሎቄም ሦስት ወር አካባቢ ይበቃዋል። ነጩ ቦሎቄ አዳማ ላይ ገበያ አለው፤ ለአፈሩም ናይትሮጅን ይጨምራል። እኔ ብሆን በማንኛውም ዓመት አራቱንም ጥማድ አንድ ዓይነት ዘር አላለብሰውም። አንዱ ጥማድ ቦሎቄ መሆን አለበት ባይ ነኝ፤ ደግሞ በየዓመቱ ቦታ ይቀያየር።

«በደንብ ገባ» የሚባለው መቼ ነው? አምና ያታለለዎት ይህ ነው። የግንቦቱ ዝናብ የበልግ ጭራ ነበር። ሲዘንብ ያስጎመጃል፤ ነገር ግን ላዩን ብቻ አርሶ ይሄዳል። መሬቱን በመቆፈሪያ ስንዝር ተኩል ድረስ ቆፍረው ይዩ። ከታች ያለው አፈር ጨብጠውት ተጣብቆ ከቆየ ይዝሩ፤ ዱቄት ሆኖ ከተበተነ ይጠብቁ። ቀጥ ያለ ጎን ያለው የድልህ ቆርቆሮ ካለ ደግሞ ዛፍና ጣሪያ የሌለበት ቦታ ላይ እንጨት ላይ አስረው ያቁሙትና ከዝናብ በኋላ ውሃውን በልጆች ማስመሪያ ይለኩት። በሦስት ቀን ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ አይቸኩሉ። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ክረምቱ ሳይገባ የወቅቱን ትንበያ ይሰጣል፤ በሬዲዮ ያዳምጡት። ትንበያው ስለ ሰፊ አካባቢ ነው፤ ስለ እርስዎ ማሳ የሚነግርዎት መቆፈሪያው ነው።

የመልካሳ ዘሮቹ ዲቃላ አይደሉም። ስለዚህ ከራስዎ ማሳ ዘር ማስቀረት ይችላሉ። ከማሳው መሀል፣ ከጎረቤት በቆሎ ከራቀው በኩል፣ ጤነኛውን አገዳ ገና ቆሞ ሳለ ምልክት ያድርጉበት። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን አዲስ ዘር ይግዙ።

አሁን ገርቢው። አባቴ፣ እባክዎ አይቁረጡት። ገርቢ ከሌሎች ዛፎች የተለየ ጠባይ አለው፤ በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል፣ በበጋ ይለመልማል። እህልዎ በሚያድግበት ወቅት ዛፉ ራቁቱን ነው፤ ምን ጥላ አለው? የሚረግፈው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል። በበጋ ከብቶቹ ከጥላው ሥር ያርፋሉ፤ ፍጋቸውን እዚያው ይጥላሉ። ፍሬው ደግሞ ለከብት መልካም ቀለብ ነው። ከሥሩ የበቀለው ሰብል አረንጓዴ ሆኖ እንደሚታይ ከሞጆ እስከ አዳማ ያሉ ገበሬዎች ያውቁታል። ማገዶና አጥር ሲያስፈልግ ቅርንጫፉን ይመልምሉ፤ ግንዱን ይተዉት። ማሳ ውስጥ ራሳቸው የበቀሉ የገርቢ ችግኞች ካዩም በማረሻ አይንቀሏቸው። እንጨት ተክለው ምልክት ያድርጉባቸው። ከችግኝ ጣቢያ ከሚመጣ ችግኝ ይልቅ ራሱ የበቀለው የመጽደቅ ዕድሉ ይበልጣል።

ብቻዎን የማይወጡት አንድ ጉዳይ አለ። የበቆሎው አገዳ ማሳ ላይ ቢቀር አፈሩን ከዝናብ ዱላና ከፀሐይ ይከልላል፤ ያ ቅርፊትም ይቀንሳል። ግን አጨዳው እንዳለቀ የሰፈሩ ከብት በሙሉ ይለቀቃል። እርስዎ ቢተዉትም የጎረቤት ከብት ይበላዋል። ከብቱም እኮ ሌላ የሚበላው የለውም። ስለዚህ «ልቅ ግጦሽ ይከልከል» ብዬ ከአዳማ ሆኜ ብጽፍ ዋጋ የለውም። የሚሠራው የጎረቤት ስምምነት ነው። የማሳ ድንበርተኞችዎን፣ አምስትም ስድስትም ይሁኑ፣ ዕድር በምትሰበሰቡበት ቀን ያናግሯቸው። ሁሉም ከየማሳው ሲሶውን አገዳ ይተው። የጤፉ ጭድና የአገዳው ለስላሳ ክፍል ለከብቱ ይሰብሰብ። ከብቱ ሌላ ማሳ እንዳይገባ እረኛ በተራ ይመደብ። የከሰሉም ነገር ከዚሁ ጋር ይነሳ። ከሰል የሚያከስሉት ልጆች መሬት የሌላቸው ናቸው፤ ግራር አትንኩ ብሎ ማባረር ብቻውን የትም አያደርስም። የቅርንጫፍ ምልመላውንም ሥራ ሆነ የእረኝነቱን ለእነሱ በክፍያ መስጠት ይቻላል። ይህን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ሽማግሌዎቹ ግራሩ ማለቁ የሚቆጫቸው ከሆነ፣ ይህንን ጉባኤ የሚመሩት እነሱ ቢሆኑ ደስ ይለኛል።

የልጅዎን ጥያቄ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብዬ ላልፈው ነበር። ግን ከእርሻው ጋር ይያያዛል። ዝናብ እንዲህ ሲያጥር የመዝሪያዋ መስኮት ጠባብ ናት። አፈሩ በረጠበ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ መዝራት አለብዎት። በሬ የሌለው ገበሬ ያን ቀን የሰው በሬ ይለምናል፤ ተራው ሲደርሰው አፈሩ ደርቋል። ሽልሻሎውም፣ መሣሪያው ከተገኘ ቋጠሮውም፣ በሬ ይፈልጋል። ስለዚህ ዘንድሮ በሬዎቹን አይሽጡ። ልጅዎ ሥራ የሚፈልግ ከሆነ አንዱን ጥማድ ይስጡት። ነጭ ቦሎቄውን እሱ ይዝራ፤ የሚሸጠውም ብር የራሱ ይሁን። ኅዳር ላይ በእጁ የያዘውን አይቶ፣ ባጃጁን ያኔ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት።