ቀጥኖ የረዘመ የዱባ ችግኝ ሲተከል

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ኤፕሪል ላይ መስኮት ዳር ያፈላችሁት ዱባ ወይም ዝኩኒ ክር አክሎ ወደ መስታወቱ ካዘመመ የጎደለው ብርሃን ነው። ማዳበሪያ አትጨምሩበት፤ የባሰውን ያስረዝመዋል። የቤት ማሞቂያም እንዲሁ።

እንዲህ ያለውን ችግኝ ቶሎ አውጥቶ መገላገል ያምራል፤ ግን ከከተማ ወጣ ባለው ሰፈር ውርጭ እስከ ሜይ መጀመሪያ ሊጥል ይችላል። ከቀኑ ይልቅ አፈሩን እመኑ። ጠዋት አራት ጣት ያህል ጠልቆ ሲለካ 65 ፋራናይት ካልደረሰ ሥሩ በደንብ አያድግም፣ የተቀበረው ግንድም ሊበሰብስ ይችላል። እስከዚያው ለአንድ ሳምንት ከነፋስ በተከለለ ጥላ አላምዱት፤ መጀመሪያ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ፀሐይ እያስነካችሁ።

ቲማቲም እስከ አንገቱ ቢቀበር ደስ ይለዋል። ዱባ ግን እንደዚያ አይደለም። ግንዱ ገና አረንጓዴ፣ ለስላሳና ያልቆሰለ ከሆነ ከሁለቱ ወፍራም የመጀመሪያ ቅጠሎች አንድ ጣት ዝቅ ብሎ እስካለው ድረስ መቅበር ይቻላል፤ ቅጠሎቹ አፈር መንካት የለባቸውም። ግንዱ ከጠነከረ ወይም አፈራችሁ ውሃ የሚቋጥር ጭቃ ከሆነ በነበረበት ጥልቀት ትከሉትና በእንጨት ደግፉት። ማሰሪያው ላላ ይበል።

ዱባ ሥሩ ሲነካ ያኮርፋል። ስለዚህ ከመትከላችሁ አንድ ሰዓት በፊት ውሃ አጠጡት፣ ግንዱን በሁለት ጣት መሃል አሳልፋችሁ ዕቃውን በመዳፋችሁ ላይ ገልብጡትና ከታች መታ መታ አድርጉት። ግንዱን ይዞ መጎተት የለም። በአንድ ዕቃ ሁለት ከበቀሉ ደካማውን በመቀስ ቁረጡት እንጂ አትንቀሉት፤ ሥራቸው ተጠላልፏል። ሲመሽ ወይም ደመና ሲሆን ትከሉ፤ አንድ ሊትር ያህል ውሃ ዙሪያውን እንጂ ግንዱ ላይ አታፍስሱ። ቆራጭ ትል በአንድ ሌሊት እንዳይጥለው፣ የሶፍት ካርቶን ጥቅልል በስምንት ሳንቲሜትር ቆርጣችሁ፣ ጎኑን ሰንጥቃችሁ በግንዱ ዙሪያ ግማሹን ቅበሩት። ለዝኩኒ አንድ ሜትር ይበቃል፤ ሐረግ ለሚጥለው ዱባ ሁለት ሜትር ተዉለት።

ቀትር ላይ ቢጠወልግና ማታ ቀና ቢል አያሳስብም። በማግስቱ ጠዋትም እንደተኛ ከሆነ ግንዱን አፈሩ ጋ እዩት፤ ብዙውን ጊዜ እዚያ ተሰብሮ ወይም ላሽቆ ይገኛል።

ለማንኛውም አጠገቡ ሁለት ፍሬ ዘር ሁለት ተኩል ሳንቲሜትር አስገብታችሁ ዝሩ። በሞቀ አፈር ሳምንት አካባቢ ይበቅላል፣ ብዙ ጊዜም የቀጠነውን ይቀድመዋል። ለወጥ የሚሆነው በተርነት የሚባለው የዱባ ዓይነት 100 ቀን ገደማ ስለሚፈልግ ሜይ መጨረሻ የተዘራውም ከመፀው ውርጭ በፊት ይደርሳል። ከሦስት ሳምንት በኋላ የበረታውን አስቀርታችሁ ሌላውን ቁረጡ።