የምንሠራው ቤት እስከ ልጅ ልጅ ይደርሳልን?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ዳርቻ ለቤት መሠረት አስወጥተናል። ምራቴ ነፍሰ ጡር ናት። የቤት አሠራር ገና ያልተወለዱ የልጅ ልጆችን ጤና ጭምር ይለውጣል ሲባል ሰማሁ። ብርዱን ፈርተን መስኮቶቹን ለማጥበብ አስበናል፤ ነገሩ እውነት ከሆነ ምን እናስተካክል?

መልስ፦ የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ የሚያውቅ ሰው በሐሳባችሁ አይፈርድም፤ ሆኖም ከብርዱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጭሱ ነው። ኩበትና ባሕር ዛፍ መውጫ በሌለው ክፍል ሲነድ፣ ይልቁንም የከሰል ምድጃ በተዘጋ መኝታ ቤት ሲያድር፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ሽታ የሌለው ጋዝ በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ስለሚይዘው ለጽንሱ የሚደርሰው ኦክስጅን ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ አየሯ ቀድሞውኑ ስስ ነው። በጭስ ውስጥ የሚውሉ እናቶች ክብደቱ ያነሰ ሕፃን የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ልጅም ካደገ በኋላ ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለልብ ሕመም ይበልጥ ይጋለጣል።

የልጅ ልጅን በተመለከተ፣ ሴት ልጅ የእንቁላል ሴሎቿ የሚፈጠሩት ገና በእናቷ ማህፀን ሳለች ስለሆነ፣ ምራትዎ ሴት አርግዛ ከሆነ ዛሬ የምትተነፍሰው አየር ሦስት ትውልድን በአንድ ጊዜ ሊነካ ይችላል። ዘረመል ሳይለወጥ አሠራሩ በኑሮ ሁኔታ ሊለወጥ እንደሚችልም ይታወቃል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1944 እስከ 1945 በኔዘርላንድ በደረሰው ረሃብ ወቅት የተፀነሱ ሰዎች ላይ የዚህ ለውጥ ምልክት ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ ተገኝቷል። ያ ግን ጽኑ ረሃብ ነበር፤ ከዚህ ተነሥቶ የክፍል ቅርጽ ራሱ የሚያመጣው ለውጥ በዘር ይወረሳል ማለት ከማስረጃው ማለፍ ነው።

ስለዚህ ማድ ቤቱን ከመኖሪያው ለዩት፤ ካልተቻለ ከጣሪያው በላይ የሚወጣ ጭስ ማውጫ ይሠራለት። በብርዱ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ሰፊውን መስኮት ወደ ደቡብ አዙሩት፤ በሰሜን በኩል ያለውን ማጥበብ ይቻላል። ሙቀት በብዛት የሚያመልጠው በቆርቆሮው በኩል ስለሆነ ለመስኮት ማጥበቢያ ያሰባችሁትን ጥንቃቄ በኮርኒሱ ላይ አውሉት። የጠዋት ብርሃን የሰውነትን የእንቅልፍና የንቃት ሰዓት ስለሚያስተካክል፣ እናትና ሕፃን የሚተኙበት ክፍል በምሥራቅ በኩል መስኮት ቢኖረው እመርጣለሁ። ግድግዳው ከመነሣቱ በፊት ይህን ከግንበኛው ጋር ተነጋገሩበት።