ወንዱ የትኛው ነው? አትክልትስ ይበላሉ?

ጥያቄ፦ ዓመት ያለፋቸው ሁለት ጎልድፊሾች አሉኝ። ሰሞኑን አንዱ ሌላውን ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ያሳድደዋል። በአሳዳጁ ጉንጭ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አይቻለሁ። ታሞ ነው ወይስ ወንድ ስለሆነ? አትክልት ብሰጣቸውስ ይስማማቸዋል?

መልስ፦ ነጠብጣቡ የት የት እንዳለ በደንብ ይመልከቱ። ወንዱ ለመራባት ሲደርስ በስንጥቡ (በሚተነፍስበት አካሉ) ክዳንና በደረት ክንፎቹ የፊት ጠርዝ ላይ የጨው ቅንጣት የሚያህሉ ጠንካራ ነጫጭ እባጮች ያወጣል። እዚያው ብቻ ተወስነው ከታዩ ዓሣው ጤነኛ ወንድ ሳይሆን አይቀርም። የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ግን ቦታ አይመርጥም፤ ጀርባውም ጅራቱም ላይ ይበተናል፣ ዓሣውም ገላውን ከጠጠር ጋር ይፋተጋል። እንዲህ ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ማከም ይጀምሩ።

እባጩ ስለሌለ ብቻ ግን ሴት ናት ማለት አይቻልም። ጨርሶ የማያወጡ ወንዶች አሉ፤ ያወጡትም ወቅቱ ሲያልፍ ይጠፋባቸዋል። ማሳደዱም ብቻውን አያስተማምንም፤ ወንድ ወንድን ያሳድዳል። ስለዚህ ከላይ ቁልቁል ይዩአቸው፦ እንቁላል የያዘች ሴት ሆዷ ሰፋ ብሎ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ያደላል። ከሥር ሲታይ የፊንጢጣዋ ቀዳዳ ወደ ውጭ ወጣ ያለ ነው፤ የወንዱ ጠባብና ገባ ያለ ነው። ተሳዳጁ ከደከመ ወይም ቅርፊቱ ከረገፈ ለጥቂት ቀናት ይለዩአቸው።

አትክልት ይስማማቸዋል። ጎልድፊሽ ጨጓራ ስለሌለው የሚሻለው ትንሽ ትንሹን ደጋግሞ መብላት ነው። አረንጓዴ አተር ያለ ጨውና ያለ ዘይት በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ይቀቅሉ። ሲበርድ ልጣጩን ገፈው ከአፋቸው በሚያንስ መጠን ይቆራርጡት። ለአንድ ዓሣ አንድ ፍሬ፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይበቃል። ዝኩኒም በስሱ ተቆርጦ ተቀቅሎ ይሰጣል። ሰላጣ ግን በደንብ ታጥቦ ጥሬውን ቢገባ ቀኑን ሙሉ ይቆነጥሩታል።

የተቀቀለው ትርፍ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ ቅጠሉ ደግሞ ከአንድ ቀን በላይ ውኃ ውስጥ አይቆይ። ሲበሰብስ አሞኒያ ይፈጥራል፤ አሞኒያው ስንጥባቸውን ያቃጥላል። ዋናው ምግብ ለጎልድፊሽ የተዘጋጀው ይሁን፤ አትክልት ብቻውን በቂ ፕሮቲን አይሰጥም።

ዓሣው ሆዱን ሰቅሎ ከተንሳፈፈ ብዙዎች ወዲያው አተር ይሰጡታል። አተር የሚረዳው ችግሩ የሆድ ድርቀት ሲሆን ብቻ ነው። አስቀድመው የውኃውን አሞኒያ ይለኩ፣ ምግብም ለአንድ ቀን ይከልክሉት።