ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ፍሉ ሻት ልወጋ ወይስ ይቅርብኝ?

ሜሪላንድ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነኝ። መስከረም ከጠባ ጀምሮ ነፍሰ ጡር እህቶቻችን ስለ ፍሉ ክትባት ይጠይቁኛል። የላካችሁልኝን በተራ ልመልስ።

የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሐኪሜ ተከተቢ አለችኝ። እናቴ ግን ከአዲስ አበባ ደውላ «ለጉንፋን ደግሞ መርፌ? እኔ ያለሱ አይደል እንዴ የወለድኳችሁ!» ትላለች። ማንን ልስማ?

በእናትሽ አልፈርድም። እሳቸው የሚያውቁት የነፍሰ ጡር ክትባት የመንጋጋ ቆልፍ ነው። የፍሉ ክትባት አገር ቤት በመደበኛው ፕሮግራም ውስጥ የለም፤ ሳይሰሙት እንዴት ይመኑት?

ፍሉ (ኢንፍሉዌንዛ) ግን በዝንጅብል ሻይ የሚሸኝ ጉንፋን አይደለም። በእርግዝና ጊዜ ልብና ሳንባ ሥራ ይበዛባቸዋል፣ የሰውነት መከላከያም ይለወጣል። ሳንባ ምች አስይዞ ሆስፒታል ሊያስተኛሽ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሳማ ጉንፋን የተባለው ሲነሳ አሜሪካ ውስጥ ነፍሰ ጡሮች ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ከሟቾቹ ግን 5 በመቶ ያህሉ እነሱ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2012 ነፍሰ ጡሮች በክትባቱ ቅድሚያ እንዲያገኙ መክሯል።

ለእናትሽ ግን ቁጥሩን ተዪውና ስለ ልጁ ንገሪያቸው። ክትባቱ 6 ወር ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። አንቺ ስትከተቢ የሚፈጠረው መከላከያ በእንግዴ ልጁ በኩል ያልፍለታል። እነዚያን ወራት ሌላ የፍሉ ክትባት የለውም። አያቶች ይህን ሲሰሙ ሐሳባቸውን ሲቀይሩ ብዙ አይቻለሁ።

ያስወርዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ገና 8 ሳምንቴ ነው፤ ፈራሁ።

ወሬው ከባዶ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ የአሜሪካ ጥናት ጥርጣሬ አንስቶ ነበር። እነዚያው ተመራማሪዎች በሰፊው ደግመው ሲፈትሹት ግን ግንኙነት አላገኙም። መርፌው በማንኛውም የእርግዝና ወር ይሰጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይልቅ የሚያሰጋው ከፍሉው የሚመጣው ከባድ ትኩሳት ነው።

አምና ተወግቼ በሳምንቱ ታመምኩ። ክትባቱ ራሱ ነው ያሳመመኝ።

መርፌው ውስጥ ሕይወት ያለው ቫይረስ የለም፤ ፍሉ ሊያስይዝሽ አይችልም። ክንድ ያማል፣ አንድ ሁለት ቀን ሰውነት ሊከብድ ይችላል። መከላከያው እስኪዳብር 2 ሳምንት ያህል ስለሚወስድ በመሃል ፍሉው ራሱ ወይም ሌላ ጉንፋን ሊይዝሽ ይችላል። እውነቱን ለመናገር ከተከተቡ በኋላም ፍሉ የሚይዛቸው አሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ይቀልላቸዋል።

ሙስሊም ነኝ። የአሳማ ነገር አለበት ይባላል፤ እውነት ነው?

የአሳማ ጄላቲን ያለው በአፍንጫ የሚረጨው ነው። እሱ ሕያው ቫይረስ ስላለበት ለነፍሰ ጡር ቀድሞውኑ አይሰጥም። የመርፌውን ዝርዝር ፋርማሲስቱን ጠይቂ፤ ያሳይሻል።

ባለፈው እርግዝና ወስጃለሁ፤ አይበቃኝም?

አይበቃም። ቫይረሱ ስለሚቀያየር ክትባቱ በየዓመቱ ይታደሳል።

ባለቤቴ «ጤና አዳምና ዳማ ከሴ ይሻልሻል» ይላል።

ጤና አዳም በእርግዝና ጊዜ ይቅርብሽ፤ ማህፀን ያኮማትራል። የባህል መድኃኒት ሁሉ ለነፍሰ ጡር ገር ነው ብለን እናስባለን፤ አይደለም። ባለቤትሽም ቢከተብ ጥሩ ነው፤ ከሥራ የሚገባው ሰውም ቫይረሱን ቤት ሊያመጣ ይችላል።

ዶክተሩ በእንግሊዝኛ ቶሎ ቶሎ ይናገራል። ሳይገባኝ ነው እምቢ ያልኩት።

ይህን የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ጥፋቱ የእናንተ አይመስለኝም፤ በር ይዞ ሁለት ደቂቃ ማውራት ማስረዳት አይደለም። እዚህ አገር የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። «አማርኛ» በሉ፤ በስልክ ያገናኟችኋል። እምቢ ብትሉም አይዘጋባችሁም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ማንሳት ትችላላችሁ። ትኩሳትና የሰውነት ቁርጥማት ከጀመራችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ደውሉ። ታሚፍሉ የሚባለው መድኃኒት በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው ይበልጥ የሚሠራው።