ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል ከመባሉ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዴስክቶፑ አልነሳ አለ። ቁልፉን ስትጫኚው ፋኑ ትንሽ ዞር ይልና ቀጥ ይላል፤ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ጥገና ቤት ስትወስጂው ሳይከፍቱት «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ገዝተን ፎርማት አድርገን እንስጥሽ» አሉሽ። ውስጡ ደግሞ የልጅሽ የመመረቂያ ጽሑፍና የሱቁ ሂሳብ አለ። ለዚህ ነው ረዘም አድርጌ የምመልስልሽ።

ከፎርማቱ ልጀምር፤ ዲስኩ ላይ ያለውን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። እሺ እንዳትያቸው። ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ ይስተካከላል። ቀጥሎ ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ፕሮሰሰሩንና ራሙን (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ይፈትሻል። ከዚያ የአምራቹ አርማ ስክሪን ላይ ይወጣል። ዊንዶውስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ያንቺው ገና መነሻው ላይ ነው የቆመው፤ ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ምን እንዳለ ለማየት እንኳ አልደረሰም። ስለዚህ ፎርማት ለዚህ ብልሽት ምንም አይፈይድም። አርማው ወጥቶ ዊንዶውሱ ብቻ እምቢ ቢል ኖሮ ወሬው ሊነሳ ይችል ነበር፤ ያኔም ቢሆን ፋይሉ ከወጣ በኋላ ነው።

እኔ የምሠራው ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነው። ከሥራ ውጪ ደግሞ የሰፈር ሰው ሳጥኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ቤት ድረስ ያመጣልኛል። የተቃጠለ ማዘርቦርድ የለም አልልም፤ አለ። ግን መብራት በመጣ ማግስት «አለቀለት» ተብሎ የሚመጣው ሲከፈት፣ ጣጣው ብዙ ጊዜ ፓወር ሳፕላዩ (የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ለውስጥ ዕቃዎቹ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ወይም ራሙ ጋ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳይቀየርለት ይነሳል። መጀመሪያ የምትሞክሪው እሱን ነው።

ስፒናውን ከሶኬቱ ንቀይ። ከኋላ የተሰካውን ሁሉ አውጪ፦ ፕሪንተር፣ ፍላሽ፣ ስፒከር፣ የኢንተርኔት ገመድ፣ ሁሉንም። ከዚያ የማብሪያ ቁልፉን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢ። አሥር ደቂቃ ያህል እንዲሁ ተይው። በመጨረሻ የስክሪኑንና የኪቦርዱን ገመድ ብቻ መልሰሽ፣ ኤሌክትሪኩን ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክተሽ አብሪው።

ይሄ ጥንቆላ አይደለም። ፓወር ሳፕላይ ውስጥ መከላከያ አለ። ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሲል ወይም አንድ ቦታ ሾርት ሲያደርግ ራሱን ይዘጋል። ብዙዎቹ አንዴ ከዘጉ ስፒናው እስኪነቀልና ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪወጣ ድረስ አይከፈቱም። እስከዚያ ቁልፉን መቶ ጊዜ ብትጫኚው ያው ነው። ሰው ግን ስፒናውን ሳይነቅል ቁልፉን ብቻ ሲደበድብ ያመሻል።

ግድግዳው ላይ ቀጥታ ስኪው ያልኩሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ዲቫይደር ውስጡ ይላላል፣ ይነዳል። ባትሪው የሞተ ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ) ላዩ ላይ መብራት እያሳየ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚፈልገውን ኃይል ሳይሰጥ ይቀራል። በዚያው ሶኬት ላይ ሌላ ነገር ሰክተሽ ሞክሪ። የስልክ ቻርጀር ግን ብዙም አይነግርሽም፤ በትንሽ ኃይል ይሠራል። ካውያ ይሻላል።

ሌሎችም ስለሚያነቡት አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አንዳንድ ፓወር ሳፕላይ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማዞሪያ አለው። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው ዴስክቶፕ ከሆነ 115 ላይ ሊሆን ይችላል። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ሳታዞሩት ከሰካችሁት ጧ ይልና ሽታውን ታገኙታላችሁ። ያንቺው እስከ ትናንት ሲሠራ ስለነበር ይሄ አይመለከትሽም።

አሁንም ካልነሳ ስፒናውን ነቅለሽ የሳጥኑን ጎን ክፈቺ። ብሎኑ በእጅ ካልተፈታ ካቻቢቴ ያስፈልግሻል። ከመንካትሽ በፊት የሳጥኑን ብረት ንኪ፤ ሰውነታችን ላይ የሚከማቸው ኤሌክትሪክ ራም ይገድላል። ፓወር ሳፕላዩን ራሱን ግን አትክፈቺው። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ኃይል ይዞ ስለሚቆይ ያነዝራል።

ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ቆመው የሚታዩ ትንንሽ በርሜል መሳይ ነገሮች እያቸው። ካፓሲተር ይባላሉ። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ካበጡ፣ ፈሳሽ ከተፉ ወይም የመቃጠል ሽታ ካለ፣ ጥገና ቤቱ ሳያይ የተናገረው እውነት ሊሆን ይችላል። ደህና ከሆኑ ቀጥዪ።

ፋኑ ዞር ብሎ መቆሙ ራሱ ወሬ ይነግረናል። ቁልፉ ይሠራል ማለት ነው። ፓወር ሳፕላዩም ሙሉ በሙሉ አልሞተም። የሆነ ነገር ጀመረና የማይወደው ነገር አግኝቶ ዘጋ። ያንን ነገር ለማግኘት ሳጥኑን ማራቆት ነው። የሃርድ ዲስኩን፣ የዲቪዲውን፣ ከፊት ለፊት ላሉት የዩኤስቢ ቀዳዳዎች የሚሄደውን ገመድ ከማዘርቦርዱ ላይ ንቀይ። ተጨማሪ የግራፊክስ ካርድ ካለ እሱንም አውጪ። ከመንቀልሽ በፊት ሁሉንም በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ ስትመልሺ ታመሰግኚኛለሽ። የፊት ዩኤስቢውን ሰው ይንቀዋል። ልጆች ፍላሽ ገልብጠው ሲጎረጉሩበት ውስጡ ያለው ብረት ይጣመምና ሾርት ያደርጋል። እሱ ብቻ ሳጥኑን በሙሉ ሲያቆም አይቻለሁ።

ሁሉም ተነቅሎ ፋኑ መዞሩን ከቀጠለ ደስ ይበልሽ። አንድ በአንድ እየመለስሽ ሞክሪ፤ በየመሃሉ ስፒናውን መንቀል አይረሳ። የቱ ሲመለስ እንደሚቆም ታገኚዋለሽ። ሁለት ነገር አንድ ላይ እንዳትመልሺ፤ የቱ እንደሆነ ይምታታብሻል።

ካልቀጠለ ራሙ ላይ እንሂድ። ለኔ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠረጠረው እሱ ነው፤ በተለይ አቧራ በሚበዛበት በበጋ። በጎንና ጎን ያለውን መያዣ ወደ ውጭ ስትገፊው ብቅ ይላል። ወርቃማውን ጥርሱን በነጭ የእርሳስ ላጲስ ቀስ ብለሽ ፈትጊው፣ ብናኙን በደረቅ ብሩሽ አራግፊ። በውሃ የሚባል ነገር እንዳይታሰብ። ሁለት ራም ካለ አንዱን ብቻ መልሺ። ሲገባ ቀጭ ማለት አለበት፤ ካላለ አልገባም። ካልሠራ ሌላኛው ቀዳዳ ላይ ሞክሪ፣ ከዚያ ሌላኛውን ራም።

አሁን የምወደው ምርመራ። ራሙን በሙሉ አውጥተሽ አብሪው። ሳጥኑ ስፒከር ካለው ጢጥ፣ ጢጥ እያለ ይጮኻል። ዴልና ኤችፒን የመሳሰሉ የቢሮ ማሽኖች ብዙዎቹ የማብሪያ ቁልፉን መብራት ብልጭ ድርግም ያደርጋሉ። ከጮኸ ወይም በዚህ መልክ ካብለጨለጨ «ራም የለኝም» እያለሽ ነው። ይህን ለማለት ደግሞ ፕሮሰሰሩም ማዘርቦርዱም በሕይወት መኖር አለባቸው። «ተቃጥሏል» ያለሽን ሰው የምትሞግቺበት ማስረጃ ይሄ ነው። ዝም ማለቱ ግን መሞቱን አያረጋግጥም፤ ብዙ ሳጥን ስፒከር የለውም።

ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች። ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። እሷን ቀይሪ የሚልሽ ሰው አይጠፋም። እሷ ስታልቅ ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ ይነሳል፤ ቀኑ ብቻ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። የእኛ ዘመን አቆጣጠር የገባው እንዳይመስልሽ። ባትሪዋን ማውጣት የማሽኑን ቅንብር ወደ ፋብሪካው ይመልሳል፤ አንዳንዴም ይረዳል። ግን የሃርድ ዲስኩ አነባበብ ከተቀየረ ዊንዶውስ በሰማያዊ ስክሪን እምቢ ይላል። ያኔም የተለወጠውን ቅንብር መመለስ እንጂ ፎርማት አያስፈልግም። ስለዚህ ባትሪዋ የመጨረሻ ሙከራሽ ትሁን።

ይህ ሁሉ አልፎ እምቢ ካለ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ፓወር ሳፕላዩ ነው። በቴስተር መለካት ይቻላል። ነገር ግን ምንም ሳይጫንበት ትክክለኛ ቮልት እያሳየ ሥራ ሲመጣበት የሚወድቅ አለ፤ ልክ እንዳንቺው ፋን ዞር ብሎ እንደሚቆመው። አስተማማኙ መንገድ የሚሠራ ሌላ ፓወር ሳፕላይ አውጥቶ መሞከር ነው። ጥገና ቤቱን «በሌላ ፓወር ሳፕላይ ሞክራችኋል?» ብለሽ ጠይቂ። ካልሞከሩ ሌላ ቤት ሂጂ።

ለመግዛት መርካቶ ከመውጣትሽ በፊት አሮጌውን ፎቶ አንሺ፣ ከተቻለ ይዘሽው ሂጂ። በተለምዶ ወደ ማዘርቦርድ የሚገባው ትልቁ መሰኪያ 24 ቀዳዳ አለው። ከውጭ ያገለገሉ ሆነው የሚገቡት የዴልና የኤችፒ የቢሮ ማሽኖች ብዙዎቹ ግን 8 ወይም 6 ብቻ ነው ያላቸው፤ መጠናቸውም ይለያል። ቀዳዳውን ቁጠሪ። «ይገባል፣ እናስተካክለዋለን» የሚልሽን አትስሚ።

ስለ ፋይሉ ደግሞ ስጋትሽ ይቅለል። ማዘርቦርዱ በእርግጥ ተቃጥሎ ቢሆን እንኳ ሃርድ ዲስኩ የተለየ ዕቃ ነው፤ ብዙ ጊዜም ደህና ሆኖ ይገኛል። ይወጣና «ሳታ» የሚባለውን የሃርድ ዲስክ መሰኪያ ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር ገመድ ከሌላ ላፕቶፕ ጋር ይያያዛል። እንደ ትልቅ ፍላሽ ይከፈታል። «ይህን ዲስክ ፎርማት ማድረግ ይፈልጋሉ?» የሚል መልእክት ከመጣ አይሆንም በይ። ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቅሻል፤ ብዙውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንትሽ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ዲስኩ ሲሽከረከር ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ወዲያው ንቀይው። እንዲህ ያለው ዲስክ በሠራ ቁጥር ይብስበታል፤ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያህል ነገር ካለበት ፋይል ማውጣት ለሚችል ባለሙያ ብቻ ስጪ።

ጥገና ቤት የግድ ከሆነ ሃርድ ዲስኩን ቤት አስቀርተሽ ሳጥኑን ብቻ ውሰጂ። አርማው መውጣት አለመውጣቱን ለማየት ዲስክ አያስፈልጋቸውም።

ከዚህ በኋላ መብራት ሲሄድ ስፒናውን ንቀይ። ተመልሶ ሲመጣም እስኪረጋ ትንሽ ጠብቂ። ስታቢላይዘር የሚዋዥቅ ቮልት ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን አያቆይም፤ ለእሱ ባትሪው ደህና የሆነ ዩፒኤስ ነው። ጽሑፉን ልጅሽ ለራሱ ኢሜይል ቢልከውም አንድ ነገር ነው።

ስትሞክሪው ሦስት ነገር እዚሁ ጻፊልን፦ ራም በሌለበት ጮኸ ወይስ አብለጨለጨ፣ ሁሉም ተነቅሎ ፋኑ ቀጠለ ወይስ ቆመ፣ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ሞዴል ምን ይላል። ካብለጨለጨ ቀለሙንና ስንት ጊዜ እንደሆነ ቁጠሪ፤ ለየሞዴሉ ትርጉሙ ስለሚለያይ አይቼ እነግርሻለሁ።