ላፕቶፕ ያልቻለው ክረምት

ጥያቄ፦ የዶክትሬት ትምህርቴን በአራት ኪሎ እየተከታተልኩ ነው። ጥናቴ በቀበናና በግንፍሌ ወንዞች ላይ ድንገተኛ ጎርፍ የሚያስከትለውን የክረምት ዝናብ ይመለከታል። ዎርፍ በተባለው የአየር ጠባይ ሞዴል አገሪቱን በሙሉ በ9 ኪሎ ሜትር ልዩነት ከፋፍዬ አንድ ክረምት ለማስላት ላፕቶፔ 11 ቀን ፈጅቷል። ያውም በመጀመሪያው ሙከራ በሰባተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ ሥራው ስለተቋረጠ ከሀ ብዬ ለመጀመር ተገድጄ ነበር። አማካሪዬ አሁን ወደ 1 ኪሎ ሜትር እንድወርድ ይጠይቁኛል። ሌሎች አገሮች ለተመራማሪዎቻቸው ብሔራዊ ሱፐርኮምፒውተር አዘጋጅተዋል። እኛ እዚያ እስክንደርስ ድረስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አማካሪዎ የጠየቁት ተገቢ ነው። የ9 ኪሎ ሜትር አንዷ አራት ማዕዘን 81 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለምትሸፍን፣ 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት አዲስ አበባ በስድስት ወይም በሰባት አራት ማዕዘን ተጠቃልላ ትቀራለች፤ ሞዴሉም ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ያለውን ከ900 ሜትር የሚበልጥ የከፍታ ልዩነት በአማካይ ስለሚያየው፣ እርጥቡ አየር ሽቅብ የሚገፋበት ዳገት ከካርታው ላይ ይጠፋል። ጎርፉን የሚያመጣው ደመና የሚገነባው ደግሞ እዚያ ዳገት ላይ ነው።

ሆኖም የሚጠይቀውን የስሌት መጠን አብረን እናስላ። ልዩነቱ ከ9 ወደ 1 ኪሎ ሜትር ሲጠብ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 9 እጥፍ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብም 9 እጥፍ ነጥቦች ይጨመራሉ። በዚህ ላይ ስሌቱ ተዛብቶ ትርጉም የለሽ ቁጥር እንዳይሰጥ የጊዜ እርምጃው ከ54 ሴኮንድ ወደ 6 ሴኮንድ መውረድ ስላለበት ሌላ 9 እጥፍ ይከተላል። ሦስቱ ሲባዙ 729 ይሆናሉ። የእርስዎ 11 ቀን በ729 ሲባዛ 8,019 ቀን ነው፤ ይኸውም 22 ዓመት ገደማ ማለት ነው። ብሔራዊ የሱፐርኮምፒውተር ማዕከላት የተቋቋሙት አንድ ተማሪ ብቻውን ሊሸከመው ለማይችለው ለዚህ ዓይነቱ ቁጥር ነው።

ሱፐርኮምፒውተር ሲባል ብዙ ሰው አንድ እጅግ ፈጣን ማሽን ይመስለዋል። ኤድንብራ የሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ ማሽን፣ አርቸር2፣ ኖድ የሚባሉ 5,860 እርስ በርስ የተሳሰሩ ኮምፒውተሮችና በውስጣቸው በድምሩ 750,080 ኮሮች፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠሩ የፕሮሰሰር ክፍሎች፣ አሉት፤ ከእነዚህ ኮሮች አንዱ ለብቻው ቢታይ ግን ከእርስዎ ላፕቶፕ ኮር አይፈጥንም። ኃይሉ ያለው በክፍፍሉ ነው። አገሪቱ እንደ መሬት ይዞታ ተሸንሽና እያንዳንዱ ኮር የራሱን ቁራሽ ሰማይ ያሰላል፤ በየጊዜ እርምጃው መጨረሻም ከድንበርተኞቹ ጋር የወሰኑን ሙቀት፣ ነፋስና እርጥበት ይለዋወጣል። በእነዚህ ማዕከላት ውስጥ በኖዶች መካከል የሚዘረጋው ኔትወርክ የፕሮሰሰሩን ያህል የሚታሰብለት ለዚህ ልውውጥ ሲባል ነው።

ክፍፍሉም ወሰን አለው። ለድግስ እንጀራ ሲጋገር አሥር ምጣድ ቢጣድ ጋገራው ይፋጠናል፤ ሊጡ የሚቦካበትን ሦስት ቀን ግን የምጣድ ብዛት አያሳጥረውም። የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያስገነዘበውም ይህንኑ ነው፦ ከሥራው 5 በመቶው የማይከፋፈል ከሆነ ሚሊዮን ኮር ቢመደብለትም ፍጥነቱ ከ20 እጥፍ አያልፍም።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ ልምጣ። አገሪቱን በሙሉ በ1 ኪሎ ሜትር ማስላት አያስፈልግዎትም። ዎርፍ ክልልን በክልል ውስጥ መክተት ስለሚያስችል የውጪውን በ9፣ የመካከለኛውን በ3፣ አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ብቻ ደግሞ በ1 ኪሎ ሜትር ያስሉ። ሙሉውን ክረምት ትተውም ጎርፍ የተመዘገበባቸውን ቀናት ከነዋዜማቸው ይምረጡ። የውስጠኛው ክልል በወርድም በቁመትም ከመቶ ነጥብ ካልበለጠ አንዱ የጎርፍ ዕለት በእርስዎ ላፕቶፕ በግምት አንድ ቀን ይወስዳል። ከሁሉ በፊት ግን በሞዴሉ ማዘዣ ፋይል ውስጥ ሪስታርት ኢንተርቫል የሚለውን መስመር 360 (በደቂቃ) ያድርጉት፤ ያን ጊዜ ሞዴሉ በየስድስት የሞዴል ሰዓቱ የደረሰበትን ሁሉ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ መብራት ቢጠፋም መጨረሻ ካስቀመጠበት ማስቀጠል ይችላሉ። በታላላቆቹ ማዕከላትም ቢሆን የአንድ ሥራ የጊዜ ገደብ ሲያበቃ ማሽኑ ስለሚያቋርጠው ይህ ልማድ እዚያም የግድ ነው።

በሌላ አገር ማሽን ላይ ለመሥራት የሚያስችልዎት መንገድ አብዛኛውን ጊዜ የጋራ ጥናት ነው። በጣሊያኗ ትሪየስት ከተማ የሚገኘው፣ ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1964 ያቋቋመው ዓለም አቀፍ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል፣ ሬግሲኤም የተባለ የራሱ የአካባቢ አየር ንብረት ሞዴል አለው፤ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተመራማሪዎችም ሥልጠና ይሰጣል። የማሽን ጊዜ የሚሰጡ ማዕከላት ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ሥራዎ ሲከፋፈል ምን ያህል እንደሚፋጠን ነው። ስለዚህ ያንኑ ስሌት በ1፣ በ2ና በ4 ኮር አስኪደው ደቂቃውን በሠንጠረዥ ይያዙ። ይህ ሠንጠረዥ ከብዙ ገጽ ማብራሪያ ይበልጥ ያስረዳልዎታል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የሳይንስ መምህር ነኝ፤ የምኖረው ስድስት ኪሎ ነው። ሱፐርኮምፒውተር እጅግ ውድ ዕቃ መሆኑን አነባለሁ። ይህ ገንዘብ ለገበሬው ማዳበሪያ ቢውል አይሻልም?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ጥያቄዎ በማሳ ስለጀመረ እኔም መልሴን ከማሳ እጀምራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 መገባደጃ ላይ በባሌና በአርሲ ዲጋሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ የዘሩ ገበሬዎች አዝመራቸውን የግንድ ዋግ በላባቸው። ማዳበሪያውም፣ ዝናሙም፣ ድካሙም ማሳው ላይ ነበር፤ የጎደለው ማስጠንቀቂያ ነበር። ዋግ በዓይን በማይታይ ዘር በነፋስ ይጓዛል፤ ገበሬው ቅጠሉ ላይ ሲያየው ደግሞ ለመርጨት የቀረው ጊዜ አጭር ነው።

ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ማሻሻያ ማዕከል፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የብሪታንያ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት በጋራ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘረጉ። ባለሙያዎች ማሳ ለማሳ እየዞሩ ዋግ ያዩበትን ቦታ ይመዘግባሉ፤ የዋጉ ዘር በሚቀጥሉት ቀናት በነፋስ ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ በሲሙሌሽን ይሰላል። ለዚህ የሚያገለግለው ኔም የተባለ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1986 ከደረሰው የቼርኖቤል አደጋ በኋላ የጨረር ብናኝ በአየር የሚሄድበትን አቅጣጫ ለማወቅ መሠራት የተጀመረ ነው። ለአንድ ዓላማ የተጻፈ ስሌት ከዓመታት በኋላ የኢትዮጵያን ስንዴ ይጠብቃል ብሎ ማን ያስብ ነበር! ይሁን እንጂ የነፋሱ ስሌት የሚካሄደው እንግሊዝ አገር ባለ ማሽን መሆኑን ሳስብ እቆጫለሁ። ትብብሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ነፋሱም ማሳውም የእኛ ሆኖ ሳለ ተራውን የሚያስይዝልን ሌላ ነው።

ከዋጋው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መሐል አዲስ አበባ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ተቋም፣ የሰርቨር ክፍል ገብቼ ነበር። ለምርምር የመጡት ማሽኖች የመጡበት ፕላስቲክ ሳይገፈፍ በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። ከሁለቱ ማቀዝቀዣዎች አንዱ ቆሟል። ማሽኖቹን ለማስተዳደር የሠለጠነው ባለሙያ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሄዷል። ብቻውን የቀረው ወጣት ቴክኒሻን አንድ ደብተር አሳየኝ፤ መብራት የጠፋበትንና የተመለሰበትን ሰዓት በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ከገጽ ገጽ መዝግቦበታል። ያን ልጅ አልረሳውም። ማሽኑን የሚያነሳው፣ የሚጠግነውና ለተመራማሪው ፕሮግራሙን የሚያስተካክልለት ሰው ሳይቀጠር የሚገዛ ማሽን ገንዘብን መሬት ላይ እንደ ማፍሰስ ነው፤ በዚህ ከእርስዎ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

የኤሌክትሪኩ መጠን እንቅፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በሴኮንድ ከአንድ ቢሊዮን ቢሊዮን ስሌት በላይ በመሥራት በዓለም ደረጃ ሠንጠረዥ ቀዳሚ የሆነው የአሜሪካው ፍሮንቲየር እንኳ ያኔ የወሰደው ኃይል 21 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር፤ የህዳሴ ግድባችን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የጎደለን ሳይቆራረጥ የሚደርስ መብራት ነው። ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ላይ ማዕከሏን እ.ኤ.አ. በ2007 ከፍታ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በሴትስዋና ቋንቋ አቦሸማኔ ማለት የሆነውን ሌንጋውን እስክትተክል ድረስ ዓመታቱን ባለሙያ በማፍራት ጭምር አሳልፋለች። ሉሚ የተባለውን ማሽን ደግሞ በርካታ የአውሮፓ አገሮች በጋራ ገዝተው ፊንላንድ ካያኒ ከተማ፣ ቀድሞ የወረቀት ፋብሪካ በነበረ ግቢ ውስጥ ተክለውታል፤ በውኃ ኃይል ይሠራል፤ ሙቀቱም የከተማዋን ቤቶች ያሞቃል። ለእኛ የሚበጀን እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የየራሱን ትንሽ ማሽን መግዛቱ ሳይሆን፣ ከጎረቤቶቻችን ጋር ጭምር የምንጋራው አንድ ማዕከል ነው ብዬ አምናለሁ። ከማሽኑም በፊት አሥር ያህል ባለሙያ ሊቀጠር ይገባል።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ወደፊት በሱፐርኮምፒውተር መሥራት እፈልጋለሁ፤ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ልጄ፣ ኮምፒውተርን ከሚያስተዳድረው መሠረታዊ ሶፍትዌር፣ ከሊኑክስ፣ ጀምሪ፤ የዓለም ታላላቅ ሱፐርኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በእሱ ነው፤ በነፃ ይገኛል፤ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይም ይሄዳል። ከዚያ ከፕሮግራም ቋንቋዎች ፓይተንን፣ ቀጥሎም ሲ (C) የተባለውን ወይም ፎርትራንን ተማሪ። ፎርትራን አርጅቷል የሚሉሽን አትስሚ፤ ከላይ የጠቀስነው ዎርፍ የተጻፈው በአብዛኛው በፎርትራን ነው። ከትምህርት ቤትሽ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ማግኘት ከቻልሽ በኔትወርክ ገመድ አገናኝተሽ፣ እስከ አሥር ሚሊዮን ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች የሚቆጥር ፕሮግራም መጀመሪያ በአንዱ፣ ቀጥሎ ለሁለቱ ከፍለሽ አስኪጂው። ሰዓቱ በትክክል ግማሽ አይሆንም። የት እንደባከነ ስታገኚው ጻፊልን።